ምጣድ ነው አምፖል? ወሎ ውስጥ መብራት ለሚመርጥ ሰው

ደሴ ላይ «መብራት አለ?» የሚል ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ስልኩ ሊዘጋበት ነው። ሌላዋ ሊጡ ኩፍ ብሎባት ምጣድ ዳር ቆማለች። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ የሁለቱ ፍላጎት አይገናኝም።

እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ መስመር የምዘረጋ ሰው ነኝ። ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብሬከር። ስለዚህ ዘመዱም ወዳጁም የሚደውልልኝ ስለ መብራት ነው። «ቆጣሪ ላስገባ ወይስ ሶላር ልግዛ?» «ጀነሬተር ይሻላል አሉኝ፣ እውነት ነው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምጣድ ነው አምፖል? ከዚያ ወዲያ ያለው ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ከ5 እስከ 10 ዋት ይወስዳል። ስልክ ቻርጅ ሲደረግም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቴሌቪዥን ከ50 እስከ 100 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት አካባቢ ይጠይቃል። አንድ ምጣድ ማለት 350 ባለ 10 ዋት አምፖል ማለት ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ ያበራል። ካውያ፣ ስቶቭ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ የካፌ ማኪያቶ ማሽን፣ ሁሉም የምጣድ ወገን ናቸው። የሚያሞቅ ዕቃ ሆዱ ሰፊ ነው። የሚያበራና የሚያወራ ዕቃ በትንሽ ይጠግባል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። የዛሬው የሶላር ዋጋ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። ዋቱ ግን አያረጅም።

የመንግሥት መስመር

ሰው ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። መሥሪያ ቤቱ ግን በ2006 ለሁለት ተከፍሏል። ማመንጨቱና ትልልቁ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ድርሻ ሆነ። ማከፋፈሉ፣ ቆጣሪውና ሒሳቡ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። ቆጣሪ የምትጠይቁት ሁለተኛውን ነው።

ኃይሉ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመጣ ነው። ተከዜ 300 ሜጋ ዋት፣ ጣና በለስ 460፣ ጊቤ ሦስት 1,870። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150። እንደ አዳማና አሸጎዳ ያሉ የነፋስ ማመንጫዎችም አሉ። ወሎ ከዚህ ውስጥ እጁ የለበትም እንዳትሉ። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። በሽሎ የደላንታንና የመቅደላን ውሃ ጠራርጎ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ህዳሴ ላይ ተርባይን ያዞራል። ክረምት ላይ ደጃችንን ያጠበው ጎርፍ ዞሮ ዞሮ በሽቦ ይመለሳል ማለት ነው። ቦርከና ብቻ ዕድል አልቀናውም። አዋሽን የሚያገኘው ከቆቃ ግድብ በታች ስለሆነ አንድም አምፖል ሳያበራ አፋር ይወርዳል።

ከሸዋ በኩል የሚመጣው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ኮምቦልቻ ያርፋል። ከዚያ አንዱ ክንድ ወደ አላማጣ፣ ሌላው ወደ ሰመራ ይሄዳል። ወደ እኛ የሚመጣው እየወረደ ነው። በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ከተማውና ወደ ገጠሩ ይሠራጫል። መጨረሻ ላይ የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል።

ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ውጡና እዩ። ከተማው በሙሉ ከጨለመ ችግሩ ሩቅ ነው፤ ሻማ አብርቶ መጠበቅ ነው። የእናንተ ሰፈር ብቻ ከሆነ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ሳይመታ አልቀረም። ቶሎ ያመለከተ ቶሎ ይሠራለታል። ጎረቤት እያበራ እናንተ ብቻ ከጨለማችሁ ብሬከራችሁን ተመልከቱ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ካርዱ አልቆ ይሆናል። ለዚህች ስንቴ ታክሲ ይዤ ሄጃለሁ!

«መስመሩ በአናታችን ያልፋል፣ እኛ ጨለማ ነን» የሚል እሮሮ ገጠር ውስጥ በየቦታው ትሰማላችሁ። ቅሬታው ይገባኛል። ግን ከባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ እንደ ቧንቧ ጠልፎ መውሰድ አይቻልም፤ ሰብስቴሽን፣ ማለትም ቮልቱን የሚያወርድ ጣቢያ ይፈልጋል። ካለፈው መስመር ይልቅ ማየት ያለባችሁ ትራንስፎርመሩ የት እንዳለ ነው። ከትራንስፎርመሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሲታለፍ መብራቱ መድከም ይጀምራል። ወሎ ደግሞ ቤቱ በየጉብታው ተበታትኖ ነው የተሠራው።

ከተማ ውስጥም ትራንስፎርመሩ ወሳኝ ነው። አንድ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 28 ምጣድ ገደማ ነው። በዓል ሲሆን ዋዜማ ላይ ስንት ቤት ነው የሚጋግረው? ለዚያ ነው ለፋሲካም ለኢድም «ደግሞ ዛሬ ይጥፋ!» የምንለው። ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ ቀን አትሂዱ። ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱና አከራዩን «ሻይ ይጣድልኝ» በሉት። አምፖሉ ቢጫ ከሆነና ስቶቩ ከሰለለ አያዋጣም።

ድክመቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለምጣድ ከዚህ መስመር የሚወዳደር የለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ያም ሆኖ ከጀነሬተር ቤንዚን ጋር ሲተያይ ገና ርካሽ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት (1,000 ዋት ለአንድ ሰዓት) ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ይህ የሚያመጣኝ ወደ አክስቴ ነው።

የራስ ቆጣሪ ወይስ የጎረቤት?

አክስቴ ደሴ ጥግ ላይ ቤት ሠርታ ገባች። ቆጣሪው እስኪመጣ ብላ ከጎረቤት ጠለፈች። በወዳጅነት ነው፤ ክፍያውን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ሽቦውን የዘረጋላት ሌላ ሰው ነበር። መቶ ሜትር ያህል፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ። አምፖሉ በራ፣ ቴሌቪዥኑ ሠራ፣ ቡና ተፈልቶ ተመረቀ። ቅዳሜ ምጣዱ ተጣደ። ከሰዓት በኋላ ደወለች፦ «ኧረ ልጄ፣ ይኼ ምጣድ ፆም ያዘ እንዴ? እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ።»

ሄጄ ሽቦውን ስነካው ለብ ብሏል። ነገሩ ቀላል ነው። መቶ ሜትር ሄዶ መቶ ሜትር የሚመለስ ቀጭን ሽቦ ራሱ ይበላል። ከጎረቤት የተነሣው 220 ቮልት አክስቴ ጋ 200 ሆኖ ይደርሳል። ምጣዱ 3,500 ዋት መሆኑ ይቀርና 2,900 ይሆናል። ሽቦው 300 ዋት ያህል በከንቱ ያሞቃል፤ እሱንም ቆጣሪው ይቆጥረዋል። ማታ ሰፈሩ ሲደክም ይህ ሁሉ ይብሳል። ሽቦው አሉሚኒየም ከሆነማ አይወራ። በባለ 6 ሽቦ ቀይረንላት እንጀራው ዓይን አወጣ።

ጠቡ የመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። ሁለት ቤት አንድ ቆጣሪ ላይ ሲጫን ፍጆታው ተደምሮ ከፍ ወዳለው የታሪፍ እርከን ይገባል። ሁለቱ ለየብቻ ቢከፍሉ ኖሮ ከሚመጣው የበለጠ ሒሳብ መጣ። ጎረቤት «ያንቺ ምጣድ ነው» አለ። አክስቴ «ያንተ ፍሪጅ ነው» አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ስለዚህ መጥለፍ ለአምፖልና ለስልክ፣ ያውም ለጥቂት ወራት ከሆነ ይሁን። ከሁለቱም ቤት ምጣድ የሚጣድ ከሆነ ግን ወረፋው ቢረዝምም የራሳችሁን ቆጣሪ ጠይቁ። እስከዚያው ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ መሐል ላይ አስገቡ። ወዳጅነትን ያተርፋል።

ሶላር

ሶላር ሦስት ዓይነት ነው፤ ሰው ግን አንድ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ፋኖስ መሰል ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ያበራል፣ ስልክም ይሞላል። ኩራዝን ከቤት ያስወጣው እሱ ነው። ቬራሶል የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ ያለውን ፈልጉ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነገር ነው።

ሁለተኛው ፓኔል፣ ባትሪና ጥቂት አምፖል ያለው የቤት ሶላር ነው። መቶ ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን አምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል ብለን እንያዝ። 500 ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ የሚባክነውን ስትቀንሱ 350 ይተርፋል። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት፣ ሁለት ስልክና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት ይችላል። ለገጠር ቤት ይኼ ሀብት ነው።

ሦስተኛው «ምጣድም ይጥዳል» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ተጠንቀቁ። አንድ ሰዓት ተኩል መጋገር ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፤ 600 ዋት ሰዓት። ዘጠኝ ባትሪና አሥራ አምስት ባለ መቶ ዋት ፓኔል ለአንድ ሌማት እንጀራ! ያለው ያድርገው። እኔ ግን ጉልበት ቆጣቢ የእንጨት ምድጃ ግዙ ነው የምለው።

ተንታ ያለው አጎቴ የሁለተኛውን ዓይነት ከገበያ ገዛ። ፓኔሉ ደህና ነበር። ባትሪው ግን የመኪና ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ እንዲሰጥ የተሠራ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲራገፍ አይደለም። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ዕቃ ቀን ይተኛል፣ ማታም ይተኛል» አለኝ። ሻጩ «ለሶላር የሚሆን» ብሎ ነው የሸጠለት። እናንተ ስትገዙ ባትሪው ላይ «ዲፕ ሳይክል» መባሉን እዩ፣ ወይም አቅም ካለ ሊቲየም ያዙ። ሊቲየም ሲገዛ ይወደዳል፤ ነገር ግን ከ80 በመቶ በላይ ቢራገፍ አይቀየምም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

የቦታው ነገርም አለ። ደሴን፣ ኩታበርንና ደላንታን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አስቡት። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ እስከ ቀትር ይተኛል። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ከፓኔሉ የሚገኘው በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሻጩ የሚያወራላችሁ የጥር ፀሐይ ነው፤ እናንተ በነሐሴ አስሉ። ቆቦና ባቲ ደመናው ቀለል ይላል፤ እዚያ ግን ሙቀቱ አለ። ፓኔል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም። የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ኃይሉ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮው ላይ ልጥፍ አታድርጉት፤ ከሥሩ ነፋስ ይግባበት።

ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ አጋድሙት። ከዚያ በላይ ማቆም የፈረንጅ አገር ጣሪያ ነው። ትንሽ መጋደሉ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ይበቃል።

ሶላር እንደ ንጉሥ የሚሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ የውሃ ፓምፕ። ቆቦና ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ ውሃ እያወጣ የሚያለማ ገበሬ ባትሪ አያስፈልገውም። ፀሐይ ስትወጣ ይስባል፣ ታንከሩን ይሞላል፣ ስትገባ ያቆማል። ውሃው ራሱ ባትሪ ነው። የቤንዚን የውሃ ሞተር እያስነሣ ነዳጅ ፍለጋ ከተማ የሚመላለስ ሰው ሁለቱን ዓመት በዓመት ቢያወዳድር ይገባዋል።

ጀነሬተር

ጀነሬተር ላይ ሻጩ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የተጻፈበት አቅም የባሕር ጠረፍ አቅም ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ በደንብ አይተነፍስም። ሩብ ያህል አቅሙ ይጎድላል። «2 ኪሎ ዋት» ብላችሁ የገዛችሁት ደሴ ላይ 1.5 ቢሰጥ ነው። ኮምቦልቻ ትንሽ ይሻለዋል፣ ቆቦ የበለጠ። ወደ ወገል ጤና ከወጣችሁ ይብስበታል። ሰው «የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ይመልሳል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ዳገት ነው።

ትንሽ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር ቤንዚን የሚያወጣው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ያ አንድ ዙር እንጀራ ከሁለት ሊትር ተኩል በላይ ቤንዚን ጠጣ ማለት ነው። እሱም ትልቅ ጀነሬተር ከሆነ፤ ትንሹ ምጣዱን ገና ስትሰኩት ይታፈናል።

ታዲያ ለማን ነው? ለብየዳ ቤት፣ ለሠርግ ድንኳን፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሥጋ ፍሪጅ ላለው ሉካንዳ። መብራት ሲጠፋ ገቢው ለሚቆም ሰው ቤንዚኑ ያዋጣል። ለሳሎን ግን አይመከርም።

ሁለት ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ቤት ውስጥም ሆነ በረንዳ ሥር አታስነሡት። ጭሱ ሽታው ባያስቸግርም ይገድላል። ሁለተኛ፣ ያለ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመንግሥት መስመር ነጥሎ ወደ ጀነሬተር የሚያዞር ማብሪያ) ከቤት መስመር ጋር አታገናኙት። ሁለቱም ጫፉ ወንድ ፒን በሆነ ሽቦ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሰዎች አይቻለሁ። ያ ኃይል በቆጣሪው ወጥቶ በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሲያልፍ ቮልቱ ያድጋል። ፖል ላይ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የሚነካው።

የከተማ ሰው የሚረሳው አማራጭ

ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው ችግሩ መብራት አለመኖር አይደለም፤ መሄድ መምጣቱ ነው። ለእሱ ፓኔል ምን ያደርግለታል? ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ኢንቨርተር ይበቃዋል። መብራት ሲኖር ከሶኬት ይሞላል፣ ሲጠፋ ያበራል። አንድ ባለ 100 አምፔር ሊቲየም ባትሪ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ተደምረው 150 ዋት ቢሆኑ ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ፀጉር ቤት ካላችሁ ማሽኑ 15 ዋት አይሞላም፤ ቀኑን ሙሉ ትሠራላችሁ። ፍሪጅ የምታስገቡ ከሆነ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን ኢንቨርተር ግዙ። ርካሹ ፍሪጁን እያጓራ ያቃጥለዋል።

በ2014 እንደሆነው ጦርነት ቢመጣና መስመሩ ለወራት ቢቆረጥስ? ያኔ ባዶ ባትሪ ጌጥ ነው። ያን ጊዜ በየከተማው ስልክ እየሞሉ ሰፈሩን ያገለገሉት ፓኔል የነበራቸው ቤቶች ናቸው። ይህን ያየ ሰው ኢንቨርተሩ ላይ አንድ ሁለት ፓኔል ቢጨምር አልፈርድበትም። እኔም ጨምሬያለሁ።

ስለ ጋራ የሶላር ጣቢያም ይጠይቁኛል፤ ለአንድ ቀበሌ አንድ ላይ የሚተከለው። መንግሥት በ2011 ያወጣው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ነበር ያቀደው። እንዲህ ያለው ጣቢያ የሚመደበው በሁለተኛው ነው። አካባቢያችሁ ከመጣ ግቡበት። ከመግባታችሁ በፊት ግን ወፍጮ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ለአምፖል ብቻ ከሆነ የራሳችሁ የቤት ሶላርም ያንኑ ይሠራል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት ብቻ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የቤታችሁን ዕቃ ጻፉ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ዋት ጻፉ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አባዙት። የሚያሞቀውን በአንድ በኩል፣ የሚያበራውን በሌላ በኩል አድርጉት። የሚያሞቀውን ለቆጣሪው ተዉት፤ ቆጣሪ ከሌለ ለእንጨት ምድጃ ወይም ለጋዝ። የሚያበራውን ለባትሪ ስጡት።

አክስቴ አሁን የራሷ ቆጣሪ አላት። ምጣዱ እሱ ላይ ነው፤ የሳሎኑ አምፖልና ቴሌቪዥኑ ኢንቨርተሩ ላይ። ባለፈው ቅዳሜ ሊጡ ተቦክቶ መብራት ጠፋ። ስደርስ ሳሎኑ ቦግ ብሏል፣ ተከታታይ ድራማው እየታየ ነው፣ ጎረቤቲቱም ሊጧን ይዛ መጥታ ከጎኗ ተቀምጣለች።

«ጋገራችሁ?» አልኳቸው።

«ተወን፣ ክፍሉ ይለቅ» አለች አክስቴ።